በሶ የምንሸከምበት ወር

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖ ነበር። ቤታችን ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። የአራት ልጆች እናት ነበርኩ፤ አራቱም በሕይወት ነበሩ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። በዚያ ዘመን አራት ወልዶ አራቱንም ማሳደግ ለሁሉም ያልተሰጠ ስለ ነበር ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ በኩፍኝ ታመመችና ሦስት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ለእመቤታችን ተሳልኩ። «ይህችን ልጅ ብትምሪልኝ እህል በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ ለቤተ ልሔም ተማሪዎች አደርሳለሁ» አልኩ። ልጄ ዳነች።

ቤተ ልሔም ያልኩት ታናሽ ወንድሜ እዚያ ስለ ነበር ነው። ጋይንት ውስጥ ያለ የቆየ ደብር ነው። ድጓ የሚባለውን የዓመቱን ሁሉ ዜማ ተምሮ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ መጨረሻው እዚያ ነው። ወንድሜ ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጢም አብቅሎ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ገና ተማሪ ነበር። አባታችን ቄስ ነበሩና ደስ ይላቸው ነበር። ግን እርሻው እየከበዳቸው ሄዶ ነበር።

በየወሩ በሃያ አንድ የምንገናኝ የማርያም ማኅበርተኞች ስድስት ነበርን። ስለቴን ስነግራቸው ጎረቤቴ፣ ምላሷ ከመርፌ የሚሾለው፣ «ብቻሽን ሄደሽ ብቻሽን ልትጸድቂ ነው?» አለችኝ። እኔም ልሂድ፣ እኔም ልሂድ ሆነ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን መነኩሲት እማሆይ ነበሩ። ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፍተው ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ከሴቶቹ አንዷ «እህሉን ለምን በአህያ አንጭነውም?» ብላ ብትጠይቅ፣ እማሆይ ቀና ብለው አይተዋት «አህያ ከተሸከመችው ስለቱ የአህያዋ ነው» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

መቼ እንሂድ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥር ነው ተባለ፤ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። በጥር እህል ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፣ ሰው እጁን ይፈታል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ በመንገዳችን ያለው ወንዝ ቁርጭምጭሚት አያርስም። ደግሞም በዓሉ የእመቤታችን ነው። አስተርእዮ ማርያምን አክብረን በማግስቱ ሦስት ሦስት ቁና ገብስ በአቅማዳ አዝለን ተነሳን።

እንደዚያ ያለ ደስ የሚል መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ቁልቁለቱን እየዘፈንን ማለት አይገባኝም፣ እየዘመርን ወረድን። ወንዙን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥን ጫማ የሌለው እግራችንን እንኳ ሳናርስ ተሻገርን። አቀበቱ ከባድ ነበር፣ የአቅማዳው ማንገቻ ትከሻችንን ላጠው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ልሔም ደረስን።

የተማሪዎቹ ጎጆዎች ባዶ ነበሩ።

መጀመሪያ ቅዳሴ ላይ ናቸው ብለን ቆምን። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ዝግ ነው። ከጎጆዎቹ መካከል ጭስ የሚወጣው ከአንዱ ብቻ ነበር። የድጓው መምህር፣ ሁሉም የኔታ የሚሏቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንድሜ እሳቸውን ለመጠበቅ ቀርቶ አጠገባቸው ልብስ ይጠቅማል። እኔን ሲያይ መርፌውን ጣለው።

አቅማዶቻችንን ከፊታቸው አስቀምጠን እጃቸውን ተሳለምን። እማሆይ «የኔታ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?» አሉ።

«አውድማ ለአውድማ ይዞራሉ እንጂ» አሉ የኔታ። «ጥር አይደለም? ገበሬ ሲወቃ ተማሪ ደጁ ላይ ቆሞ ሲለምን የሚከለክለው የለም። እየበሉም እየያዙም ይመጣሉ።» እጃቸውን ዘርግተው አቅማዶቹን በዳሰሳ ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ የጠገበ ደጅ አንኳኳችሁ። ይሁን፤ እግዚአብሔር የድካማችሁን ዋጋ አይረሳም።»

ጎረቤቴ በጆሮዬ «እህል ወደ አውድማ የተሸከምን እኛ ነን» አለችኝ። መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ወንድሜ ከጎጆው ደጃፍ አብሮኝ ተቀመጠና ያልጠየቅሁትን ነገረኝ።

«እታለም» አለኝ፤ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «እኛ የምንራበው በክረምት ነው። ሰኔ ሲጋመስ የገበሬው ጎተራ ይነጥፋል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ለልመና የሚኬድበት መንደር ይዘጋል። በሐምሌ የኔታ ‹እንግዲህ ልጆቼ፣ ወደየዘመዳችሁ› ይሉና ጉባኤው ይበተናል። ባለፈው ክረምት ተበተንን። ከዚያ በፊት በነበረውም ተበተንን።»

«በመስከረም ትመለሳለህ አይደል?»

«እመለሳለሁ። የቀረኝ ግን የክረምቱ ዜማ ብቻ ነው። የክረምቱ ዜማ የሚዜመው በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ እኔ እዚህ አልገኝም።» እግሩ ሥር ያለውን አፈር በጣቱ ጫር ጫር አደረገ። «ዘንድሮም ከተበተንን አልመለስም። አባታችን ሞፈር መጨበጥ አቅቷቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ያላስመሰከረ ሰው ምን ይባላል? ምንም አይባልም።»

አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት ለፍቶ በሁለት ወር ረኃብ ምክንያት ባዶ እጁን ይቀራል የሚለው ነገር ከልቤ አልወጣም። የሚራቡበት ወር ሌላ፣ እኛ የመጣንበት ወር ሌላ። ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው ወር? ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ባለቤቴን ነው። ሞፈር ሲያስተካክል ነበር።

«ለቤተ ልሔም እህል ማድረስ በየትኛው ወር ይሻላል?»

«አድርሰሽ መጣሽ አይደለም እንዴ?»

«የሚራቡት በሐምሌ ነው።»

«በሐምሌ ወንዙን አሞራ ነው የሚሻገረው።» ትንሽ አሰበና «በሐምሌ የኛስ ጎተራ ምን አለው? በጥር ያለው አይራብም፣ በሐምሌ የተራበው የሚሰጠው አያገኝም። ይኸ ጥያቄ ለእግዜር ነው፣ ለእኔ አይደለም» አለኝ።

ግማሹን ግን መልሶልኝ ነበር፣ ሳያውቀው። የመስጫው ወርና የማድረሻው ወር አንድ መሆን የለበትም። ከእማሆይ ጋር ተማክረን ያኔውኑ፣ ጥር ሳያልቅ፣ አውድማ ለአውድማ ዞርን። ተማሪዎቹ ይዞሩ እንደ ነበረው መሆኑ ነው። የማኅበራችን ሴቶችም ሌሎችም ሰጡን። የተሰበሰበው ገብስ እማሆይ ጎተራ ገባ። ጎረቤቴ «ከእሳቸው ጎተራ የሚሰርቅ ቢኖር አይጥ ነው፤ እሷም ጾመኛ ነች» አለች።

የማድረሻው ወር ግን አልታወቀም። የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። ዐቢይ ጾም ሲሆን ይሻላል፣ ሸክሙ ከጾሙ ጋር በረከት ይሆናል አሉኝ። ወንድሜ ስለ ሐምሌ ረኃብ ያለኝን ስነግራቸው ግን «የተራበ ሰው በረከት የሚያገኘው ሲበላ ነው፤ ልክ ነሽ» አሉ። ከዐቢይ ጾም እስከ ሐምሌ ድረስ ደግሞ አይጥም ነቀዝም ይጠብቃል። እዚያ ቀድሞ ከገባ ከሐምሌ በፊት ያልቃል። ተማሪ ነው፤ ያለውን ለመጣው ሁሉ ያካፍላል። ስለዚህ መድረስ ያለበት በመጨረሻው ሰዓት ነው፣ ረኃቡ ሊገባ ሲል፣ ወንዙ ሊዘጋ ሲል። ወንዙ መቼ ነው የሚዘጋው?

ይህን የሚያውቅ ሰው ገበያ ውስጥ ነበረ። ጨውና ጥጥ የሚሸጡ ሽበታም እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ያን ወንዝ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲሻገሩት የኖሩ። ጨው ገዛሁና አልሄድም ብዬ ቆምኩ።

«ምን ቀረሽ የኔ እመቤት?»

«አባባ፣ ያ ወንዝ የሚዘጋው ዝናብ በጀመረ በስንተኛው ቀን ነው?»

ሳቁ። «ሰው ሁሉ ዋጋ ይጠይቀኛል፣ አንቺ ወንዝ ትጠይቂኛለሽ። ምን አለሽ ከወንዝ?»

ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና ሚዛናቸውን አስቀመጡ።

«ስሚኝ። ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ወንዙ ተዘጋ ብሎ ይቀመጣል። አልተዘጋም። መሬቱ ዘጠኝ ወር ጠምቶት ከርሟል፣ መጀመሪያ የሚጠጣው እሱ ነው። መሬት እስኪጠግብ ለወንዝ አይተርፈውም። ጎርፍ ይመጣል፣ ግን መጥቶ ይሄዳል፤ ማታ የሞላው ጧት ይጎድላል። መሬቱ ሲጠግብ ነው ወንዙ የማይጎድለው። ከመጀመሪያው ዝናብ እስከዚያ ድረስ አሥራ አምስት ቀን፣ ካልጨከነ ሃያ ቀን አለ። በዚያ ጊዜ መንገዱ ላይ እኔና በቅሎዎቼ ብቻ ነን። ገበሬው ይዘራላ!»

«ከሰኔ ሚካኤል በፊት ማለት ነው?»

«ከሰኔ ሚካኤል በፊት ተሻገሪ። እራስሽ ላይ ያለውን ሰማይ አትዪ፤ ተራራውን፣ ጉናን እዪ። ማታ ጉና ጠቁሮ ካደረ ጧት ወንዝ አትንኪ፣ ቆዪ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትንኪ።» ጨዉ ላይ አንድ ጭብጥ ጨመሩበት። «ይችን ለተማሪዎቹ። ጨው የሌለው በሶ ምን ይሆናል?»

በሶ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኛ አስቀድመን ያሰብነው ገብሱን እንዳለ ለመውሰድ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ወንድ ተማሪዎች በክረምት ገብስ ቢያገኙ ማን ይቆላላቸዋል፣ ማን ይፈጭላቸዋል፣ በየትኛውስ ደረቅ እንጨት? በሶ ግን እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይጨበጣል።

መሬት ውሃ ይጠጣል ያሉት ነገር ግን አላስተኛኝም ብል ይቀለኛል። ግንቦት ገብቶ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ አንድ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ላይ ውሃ በቅል እየቀዳሁ ማፍሰስ ጀመርኩ። አንድ ቅል ጠጣ። ሁለት ቅል ጠጣ። እየፈሰሰ የሚሄድ ነገር የለም፣ አፈሩ ብቻ ይጠቁራል። ሰባተኛው ላይ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ምን ዘርተሽ ነው ድንጋይ የምታጠጪ?»

«ዝም ብለህ እይ።»

ሳይወድ ቆመ። ዘጠነኛው ላይ ውሃው ከላይ ቆየ። አሥራ አንደኛው ላይ መንገድ አበጅቶ ወደ አጥሩ ወረደ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየውና «እና ይኸ ምንድን ነው?» አለ።

«ወንዙ ነው» አልኩት። «አሁን ተዘጋ።»

ብዙ ሳያስብ አልቀረም፤ ማታ ሳልጠይቀው «ልጆቹን እኔና እናትሽ እንይዛለን» አለኝ። መንደሩ ግን እንደሱ አልነበረም። «ሰው ሲዘራ እነሱ ይዞራሉ» እያሉ አሙን። እውነታቸውን ነው፤ በዘር ጊዜ ከቤት የምትወጣ ሴት እኛ አገር ታይታ አታውቅም።

ግንቦት ሳያልቅ ስድስታችን እማሆይ ቤት እየተሰበሰብን ቆላን፣ ፈጨን። እንጨቱም ኩበቱም ገና ደረቅ ነበር። ዱቄቱን በአቅማዳ ጠቅጥቀን አፉን በጠፍር አሰርነው። የመጀመሪያው ዝናብ በግንቦት መጨረሻ ወረደ። እኔ የወረደበትን ቀን ያዝኩ። አሥር ቀን ጠብቀን፣ ለሰኔ ሚካኤል ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ እንደ ጥር ወሩ አልነበረም። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ሸክሙ ከጭቃው ጋር ሆኖ ወደ ታች ይስባል። ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አንቀምስም። እማሆይ ከፊት ናቸው፣ ጎረቤቴ ከኋላ ሆና ታጉረመርማለች። «በጥር ከእግሬ ሥር አቧራ ነበር፤ ምስጋና ያልነበረኝ ያኔ ነው።» ማታ ከወንዙ በላይ ባለ መንደር የእግዜር እንግዳ ብለን አደርን። ከመተኛታችን በፊት ወጥቼ ጉናን አየሁ። ጉና አልነበረም፤ ባለበት ቦታ ጥቁር ነገር ነበር።

ጧት ወርደን ወንዙ ዳር ስንቆም ውሃው ደፍርሶ የጠላ አተላ መስሏል። በጥር የረገጥናቸው ድንጋዮች የሉም። ድምፁ ሰው አያነጋግርም፤ ሲነጋገሩ መጮኽ ያስፈልጋል።

«እንግዲህ ዓሣ እንሁን?» አለች ጎረቤቴ።

«ይጎድላል» አልኩ።

«ማን አለሽ?»

«ነጋዴው።»

«በቅሎ የለንም!»

አንድ ቀጭን እንጨት ሰብሬ ልክ ውሃው ዳር ተከልኩት። ውሃው ከእንጨቱ ከራቀ እየጎደለ ነው፣ እንጨቱን ከዋጠው እየሞላ ነው። ሁላችንም ሸክማችንን አውርደን ተቀመጥንና እንጨት ማየት ያዝን። የኔ ልብ ግን ወንድሜ ጋ ነበር። ይህ ውሃ ካልጎደለ ተመልሰን ቤታችን እንገባለን፣ በሶውን ልጆቻችን ይበሉታል፣ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ይመጣል።

ውሃው እንጨቱን ዋጠው።

ከፍ ብዬ ሌላ ተከልኩ። እማሆይ ከመዝሙረ ዳዊት የሚያውቁትን በቃላቸው ይደግማሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው እንጨት ቆመ። ቆየን። ውሃው እግሩን እየላሰው ቆየ። ከዚያ በእንጨቱና በውሃው መካከል ጣት የምታህል እርጥብ አሸዋ አየሁ። «አያችሁ?» አልኩ። ጎረቤቴ በአራት እግሯ ሄዳ ፊቷን አስጠግታ አየችና «እውነት ነው፣ ሸሸ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ጣት የምታህለው አሸዋ ሙሉ እጅ አከለች። የመጀመሪያው እንጨት ራሱ ብቅ አለ።

ጥላችን እግራችን ሥር ሊገባ ሲል ጉና ላይ እንደገና ነጭ ደመና መቆለል ጀመረ። ከዚህ በላይ መቆየት አልተቻለም። የአምስታችንን መቀነት ፈትተን ጫፍ ለጫፍ አሰርነው፤ የእማሆይ መታጠቂያ፣ ቅናቱ፣ የምንኩስና ነውና አይፈታም። ቁመቴ ስለሚረዝም አንደኛውን ጫፍ ወገቤ ላይ አስሬ፣ አቅማዳዬን እራሴ ላይ አድርጌ መጀመሪያ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ደረሰ። ቀዝቃዛነቱ ትንፋሽ ይነሳል። በእግሬ ጣት እየዳሰስኩ ወዲያ ማዶ ወጥቼ መቀነቱን ከቋጥኝ ጋር አሰርኩት። አንድ በአንድ አቅማዳቸውን እራሳቸው ላይ አድርገው መጡ። እማሆይ እንደ ሌሎቹ ገመዱን በአንድ እጃቸው፣ ጸሎታቸውን ባፋቸው ይዘው ተሻገሩ። ሌላውን ጫፍ ይዛ የቆየችው ጎረቤቴ ወገቧ ላይ አስራው የመጨረሻ ገባች። መሃል ላይ እግሯ ዳጠ። ገመዱን አልለቀቀችም፣ አቅማዳውንም አልለቀቀችም፣ ግን አቅማዳው ሙሉ በሙሉ ጠለቀ። አምስታችን ጎትተን አወጣናት።

ፈትተን ስናየው ከላይ ያለው በሶ ወደ ሊጥነት ተለውጧል። ጎረቤቴ ልብሷን እየጨመቀች አየችው። ስታለቅስ የማላውቃት ሴት አለቀሰች። «እናንተ ሁላችሁ ታደርሳላችሁ፣ እኔ ምን ይዤ እገባለሁ?»

እማሆይ ዝቅ ብለው እጃቸውን አቅማዳው ውስጥ ከትተው ዳሰሱ። «ታችኛው ደረቅ ነው። ይህ የራሰው ነገ ይሸታል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኛ እንበላዋለን። የራሳችንን ስንቅ ደግሞ ያንቺ አቅማዳ ውስጥ እንጨምረዋለን። ልዋጭ ነው፤ ጎዶሎ የለውም።»

አቀበቱን ከወጣን በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ብለን በገመትነው ጊዜ ያን ወንዝ ያቦካውን በሶ በጨው አሽተን በላነው። ትንሽ አሸዋ ነበረው። ጎረቤቴ ሳቋ ተመልሶ «የፈጨነውን መልሶ የፈጨልን ወንዝ» አለች፤ እማሆይም ሳቁ። ከኋላችን ድምፅ ስንሰማ ዘወር ብለን አየን። በተሻገርንበት ቦታ ላይ ውሃው ቋጥኙን እየሸፈነ ነበር።

በማግስቱ ቤተ ልሔም ስንገባ ጎጆዎቹ ባዶ አልነበሩም። ግን ጩኸት አልነበራቸውም። ተማሪ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ዘንድሮ ረኃቡ ከሐምሌ ቀድሞ ገብቷል፤ ተማሪዎቹ በየደጃፉ ተቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ለምዱን እየጠቀለለ ነው። ወንድሜ ጎጆው ውስጥ ነበር። የድጓው መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ በጠፍር ታስሮ፣ ከከዘራው ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ በጥር ካየሁት ፊት ግማሽ ሆኗል።

«እታለም! አባታችን ሞቱ እንዴ?»

በዚህ ወር ሰው የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው። «አይ» አልኩት። «በሶ ይዘን መጣን።»

የኔታ ጋ ወሰደን። አቅማዶቻችንን ደረደርን። እንደ በፊቱ በዳሰሳ ቆጠሩ፣ ከዚያ አንዱን አስፈትተው ጣታቸውን ከተቱና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ማነው ይህን ወር የነገራችሁ?»

ነጋዴውን ነገርኳቸው። እስላም መሆናቸውንም ነገርኳቸው።

«መሬቱ እስኪጠግብ» አሉ የኔታ ለራሳቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። «ስልሳ ዓመት ኖርኩበት፤ አንድም ቀን መሬት ስንት ይጠጣል ብዬ አልጠየቅሁም። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንድሜ አዞሩ፤ የት እንደ ቆመ በትንፋሹ ያውቃሉ። «ልጆቹን ጥራ። ሊሄዱ የተነሱትን መልስ። የክረምቱን ነገ ጧት እንጀምራለን።»

ወንድሜ ሄዶ ጎጆው ውስጥ ገባ። ሲወጣ ማኅደሩ ተፈትቶ ነበር።

በማግስቱ ልንመለስ ብንነሳ ከወንዙ ዳር የተመለሱ መንገደኞች «ዘግቷል» አሉን። ለመሄጃው አስልተን ለመመለሻው ሳናሰላ መቅረታችን ያኔ ነው የገባን። ነጋዴውን ስለ መመለሻው አልጠየቅኋቸውም ነበር። በላይኛው መንገድ፣ በንፋስ መውጫ ዞረን በጉና ሥር አድርገን መሄድ ነበረብን፤ አምስት ቀን። እስክንደርቅ ድረስ ሁለት ቀን ተቀመጥን። እኔ ግን አልከፋኝም። ጧት ከየጎጆው ድምፅ ይነሳል፣ አንዱ ሲሳሳት የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ። የወንድሜን ድምፅ ከሁሉ ለይቼ ሰማሁት። ከቤት ሲወጣ ድምፁ ቀጭን ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲያዜም እንዲህ መሆኑን ሳላውቅ ነበር የኖርኩት።

ቤት ስንገባ ሁላችንም ተጎሳቁለን፣ እግራችን አብጦ ነበር። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ወንዙ ተዘጋ?» አለ። «ተዘጋ» አልኩት። ሳቀ፣ እግሬን አጠበኝ። ልጆቼ አልከሱም ነበር። ተመስገን።

ወንድሜ የመጣው በጥቅምት ነው፤ አስመስክሮ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ። አባታችን ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው ተሳለሙት። ከዚያ ለሞፈሩ ተቀጣሪ ይፈለግ ብለው ራሳቸው ወሰኑ። እኔ ግን ወንድሜን ከሰዎቹ ለይቼ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር።

«በሶው በቃችሁ?»

«በቃን፣ በቃን።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

አንገቱን ደፋ። «እስከ ፍልሰታ አጋማሽ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጨከን ያለ ነበር፣ አንድ ሁለት ሰው ሄደብን። እኛ ግን ያገሩ ሰው የባቄላ እሸት እስኪደርስለት ቻልነው። ምን ነው የጠየቅሽኝ?»

ሁለት ሳምንት ስንት አቅማዳ እንደሚሆን በልቤ እየገመትኩ ነበር። የሚሄድ እንዳይኖር ሦስት ቢጨመር የሚበቃ መሰለኝ። በጥር አውድማ ስንዞር ሦስት ሴቶች ጨመርን፤ አንደኛዋ በዘር ጊዜ ትዞራላችሁ ብላ ያማችን ናት። በሰኔ ዘጠኝ ሆነን ወጣን፤ ለመመለሻውም የላይኛውን መንገድ ስንቅ ቋጥረን።